የአሉሚኒየም ጩቤ

ከዶሃ መሐል ከተማ ራቅ ብሎ፣ ሰናያ፣
ከሲሚንቶ መጋዘን፣ ከጎማ ክምር ወዲያ፣
ስምንት ስምንት ሆነን በምናድርበት ሰፈር
ሴት አልነበረችም። ቴአትሩ ግን ነበር።

ሸምሱ ነው ያመጣው፣ ከሻንጣው ሥር ደብቆ፣
ሽፋኑ የወለቀ፣ ዳሩ በአይጥ ተቦጭቆ፣
የጥንት ድርሰት ነው፦ አንድ መስፍን ነበረ፣
ምላሱ ማር ሆኖ ስንቱን ደጅ የሰበረ።
አንዲቱን አታለላት፣ ወሰዳት፣ ተዋት፤
እሷም ቂሟን እንደ ልጅ አጠባች ዓመታት።
ከዚያ ስሟን ቀይራ፣ ሌላ ሴት መስላ መጣች፣
በራሱ ማር አጥምዳ ደረቱን ወጋች።

መስፍኑን እኔ ሆንኩ። ድምፁ ወፍራም ነው አሉ።
ሴቷን ማን ይሁን ቢባል ጫማቸውን አዩ ሁሉ።
ደምመላሽ ተነሣ፣ የስካፎልዲንግ ሠራተኛ፣
ትከሻው በር የሚያክል፣ ዝምተኛ።
(አባቱ ስሙን ሲያወጡ ምን አስበው እንደሆነ አላውቅም።)
«ሠላሳ ፎቅ ላይ በገመድ የምንጠለጠል ሰው
ቀሚስ ነው የሚያስፈራኝ?» አለ። ጢሙን ላጨው።

ቀሚሱ የአልጋ ልብስ፣ በሌሊት ፈረቃ የተሰፋ።
ሻሹን የኬራላው ወጥ ቤት ሰጠን፣ የማን እንደሆነ ሳይናገር።
ጩቤው የመስኮት ክፈፍ ፍራፊ፣ አሉሚኒየም፣
እንዳይወጋ ጫፉን አደነዝነው፤ ቢሆንም
ብርሃን ሲያርፍበት ያስፈራ ነበር።

ዓርብ ማታ፣ መመገቢያ አዳራሹ። ጠረጴዛ ገጥመን፣
ድምፅ እንዲሰማ ብለን ኤሲውን አጥፍተን፣
ኔፓሎች፣ ቤንጋሎች የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣
ቋንቋው ሳይገባቸው ነገሩ ገባቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ደምመላሽ ሲገባ
አንዱ አፏጨ፣ አንዱ ወረወረ አበባ፣
ፕላስቲክ፣ ከካምፕ ቦሱ ጠረጴዛ የተሰረቀ።
እሱ ግን አላፈረ፤ እሱ ግን አልሳቀ።
ቀና አለ፣ በዝግታ ዓይኑን ጣለብኝ፣
ከዚያ ወዲህ የሳቀ ሰው መኖሩ ትዝ አይለኝ።

ወንድ ሴት ሆኖ ሲጫወት ወገቡን ይሰብራል፣
ድምፁን ያቀጥናል፣ ከንፈሩን ያሾላል፤
ደምመላሽ አንዱንም አላደረገ።
እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣
ስልክ እንደሚጠብቅ ሰው፣
አምስት ዓመት ያልተደወለ ስልክ።

እኔ እያግባባሁ፣ እየተለማመጥኩ፣ እየማልኩ፣
«እወስድሻለሁ፣ ቤት እሠራልሻለሁ» እያልኩ፣
ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ከመጽሐፉ አይደለም፤
መቂ፣ ቲማቲም ማሳው ዳር፣ ብዬው ነበር ያኔም።
የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላት፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር፣
ለቪዛህ ብላ ሰጠችኝ፣ እንኳን ልትጠራጠር ሳትቆጥር።
«ስደርስ እልክልሻለሁ፤ ቀጥሎ አስመጣሻለሁ።»
ሲም ካርዴን አየር ማረፊያው ቅርጫት ውስጥ ጥያለሁ።

ሰባተኛው ትዕይንት። ጩቤው ከሻሹ ሥር ወጣ።
ላብ ኩሉን አቅልጦ ጉንጩ ላይ ጥቁር መንገድ አወጣ።
ተንበረከክሁ። «ማሪኝ፣ እመቤቴ» ነው የኔ ቃል።
አፌን ከፈትኩ፤
«አስካለ» አልኩ።
ሸምሱ ከመጋረጃው ኋላ፣ «እመቤቴ! እመቤቴ በል!»
«አስካለ።»

የደምመላሽ እጅ አየር ላይ ቀረ።
አየኝ። እንደ ደምመላሽ አይደለም።
ከዚያ ወጋኝ፤ ብረቱ ደረቴ ላይ ታጠፈ፣
አዳራሹ ተነሣ፣ አንድ ሽማግሌ ኔፓላዊ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ፣
እኔም ሞቼ፣ ተጋድሜ፣ ጭብጨባውን ሰማሁ።

ሌሊት። መብራት ጠፍቷል። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች።
ኩሉን በቫዝሊን እየጠረገ፣ «አስካለ ማናት?»
«መጽሐፉ ውስጥ የለችም።»
«እሱንማ አውቃለሁ።»
ትንሽ ቆይቶ፦
«የሚመጣው ዓርብ ድገሙት ብለዋል።
ስሟን ከጠራህ ግን ጩቤውን እስለዋለሁ።»
ይሳቅ አይሳቅ አላየሁም።

ስልኬን አወጣሁ። አሥሩንም ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ።
ዘጠኙን ጻፍኩ።
የላይኛው አልጋ ሲጢጥ አለ።